ቁራጩ የት ይውደቅ? በጠማማ ክፍል ውስጥ የግድግዳ ሴራሚክ ልክ አወጣጥ

ተሠርቶ ያለቀ ባኞ ቤት የሚያይ እንግዳ መጀመሪያ የሚያነሳው የሴራሚኩን ቀለም ነው፤ ቀጥሎ የተገዛበትን ሱቅ፣ ከዚያም ዋጋውን ይጠይቃል። ልኩን ማን አወጣው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ያ ክፍል አምሮ የታየው ቀለሙ ስላማረ ብቻ አይደለም። አንድም ሴራሚክ ግድግዳ ላይ ሳያርፍ በቱንቢ፣ በውኃ ልክ፣ በሲባጎና በእርሳስ የተሠራ ሥራ ከሥሩ አለ። ባለሙያዎቹ መስመር ማውጣት ወይም ልክ ማውጣት ይሉታል። ለአንድ ባኞ ቤት ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው። በደንብ ሲሠራ ማንም አያስተውለውም፤ ሲበላሽ ግን ቤቱ እስከቆመ ድረስ ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊት ይታያል። ከማጠናቀቂያ ሥራዎች ሁሉ ይህን ያህል ጠቅሞ ይህን ያህል የተረሳ ሌላ አላውቅም።

ቀጥ ያለ ክፍል ብርቅ ነው። ለዚህ ደግሞ የሚወቀሰው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ አብዛኛው የመኖሪያ ሕንፃ በኮንክሪት ኮለንና በብሎኬት ይሠራል። ኮለኑ ሲሞላ ጥቂት ከዘመመ ብሎኬቱ እሱን ይከተላል፤ ለሳኙም ብሎኬቱን ይከተላል። ከዚያ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች መጥተው ግድግዳውን ይቦረቡራሉ፤ ቱቦው ከተቀበረ በኋላ ቦዩ በችኮላ ይደፈናል። ሁሉም የሳተው ሚሊ ሜትሮችን ነው፤ ሴራሚክ ለጣፊው ግን የሁሉንም ድምር ይረከባል። ኮንዶሚኒየም ደርሶት ቤቱን በራሱ ያስጨረሰ ሰው ይህን ዓይነቱን ግድግዳ ያውቀዋል። ቀለም ብዙ ነገር ይሸፍናል። ሴራሚክ ግን ጠርዙ ቀጥ ያለ ስለሆነ ከጠማማ ግድግዳ አጠገብ ሲቆም ጥፋቱን ያሳብቃል።

ስለ ዕቃው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ማጣበቂያው በካርቶኑ ወይም በከረጢቱ ላይ እንደተጻፈው ይቦካል፤ በሲሚንቶና በአሸዋ የሚለጠፍ ውኃ የሚመጥ የግድግዳ ሴራሚክ ቀድሞ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ በሴራሚኮቹ መካከል ያለው ክፍተት በፕላስቲክ መስቀል ይጠበቅና በመጨረሻ ይሞላል። ይህን ማንም ሠራተኛ ያውቃል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ጠማማነት ዓይነት እንዳለው ነው። ባለቤቱ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አይቶ "ማዕዘኑ ተበላሽቷል" ይልና ሁሉንም ችግር እዚያ ላይ ይጭናል። አራት የተለያዩ ችግሮች አሉ፤ አንዱን ከሌላው ሳይለዩ የሚደረግ ጥገና ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

የመጀመሪያው የዘመመ ግድግዳ ነው፤ አናቱ ወደ ክፍሉ የገባ ወይም ወደ ውጭ የሸሸ። ሁለተኛው ሆድ ያወጣ ወይም የጎደጎደ ግድግዳ ነው። 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ አሉሚኒየም ግድግዳው ላይ ተጋድሞ ከሥሩ ብርሃን ከታየ ይህ አለ ማለት ነው። የብሪታንያ የሴራሚክ ሥራ ደረጃ በዚያ 2 ሜትር ሥር ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ክፍተት እንዲኖር አይፈቅድም፤ እኛም ብንይዘው የምንጠቀምበት ልክ ነው። ሦስተኛው ያልተስተካከለ ወለል ነው። ባኞ ቤት ውስጥ ደግሞ ወለሉ ወደ ውኃ መውረጃው ማዘንበል ስላለበት መቼም ቢሆን የተስተካከለ አይሆንም። አራተኛው፣ ሁሉም ሰው የሚያማርርበት፣ ሁለት ግድግዳዎች በ90 ዲግሪ አለመገናኘታቸው ነው።

ይህ አራተኛው ያለ ጥፋቱ የሚወቀስ ነው። አንድ ክፍል ጥግ ላይ ሁለቱ ግድግዳዎች በ85 ዲግሪ ተገናኙ እንበል። ሁለቱም ቱንቢ ከጠበቁ የተገናኙበት ጥግ ከወለል እስከ ጣሪያ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ጥጉ ጋ የሚገባው የሴራሚክ ቁራጭ ከታችም ከላይም ስፋቱ አንድ ነው። ግድግዳው ፊት የቆመ ሰው ዓይን ምንም አያይም! የ85 ዲግሪው ጣጣ የሚወጣው ወለሉ ላይ ነው፤ እዚያ ሴራሚኩ እየጠበበ የሚሄድ ቁራጭ ይፈልጋል። ከሻወር መቆሚያው ጠርዝም ጋር አይገጥምም።

የግድግዳውን ቁራጭ ከላይ አስፍቶ ከታች የሚያጠበው የአጠገቡ ግድግዳ መዝመም ነው። ይህን ደጋግሜ ብናገረው አይሰለቸኝም። አንዱ ግድግዳ ሲዘም ጥፋቱ የሚታየው እሱ ላይ አይደለም፤ ጎረቤቱ ላይ ነው። ባለቤቱ ግን ጥፋቱ የታየበትን ግድግዳ እንደገና ያስለስናል። ልስኑ ይደርቃል፣ ገንዘቡ ይወጣል፣ ቁራጩ እንደነበረው ሰያፍ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ መለካት ከቱንቢ ይጀምራል። ነቢዩ አሞጽ በራእይ ካየው ጀምሮ አሠራሩ ያልተለወጠ መሣሪያ ነው፦ ክርና ክብደት። ጣሪያው አጠገብ ምስማር ይመታና ክሩ ከግድግዳው ጥቂት ሸሽቶ ይንጠለጠላል። ክብደቱ መወዛወዙን አልተው ካለ ውኃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ጠለቅ ይደረጋል፤ ወዲያው ይረጋል። ከዚያ ከክሩ እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ይለካል። ከላይ 50፣ ከመሃል 44፣ ከታች 38 ሚሊ ሜትር ከመጣ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ዘሟል፤ እግሩ 12 ሚሊ ሜትር ወደ ክፍሉ ገብቷል። ከላይ 50፣ ከታች 38 ሆኖ መሃሉ 40 ከመጣ ደግሞ መዝመሙ ሳያንስ 4 ሚሊ ሜትር ሆድ አውጥቷል። ሦስት ቁጥር ግድግዳው ላይ በእርሳስ ተጽፎ ሲታይ የክፍሉ ታሪክ በሙሉ ይነበባል።

ማዕዘኑን ለማወቅ ከጥጉ ጀምሮ በአንዱ ግድግዳ ሥር 90፣ በሌላው ሥር 120 ሴንቲ ሜትር ይለካል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት 150 ከሆነ ማዕዘኑ ልክ ነው። 151 ከሆነ ተከፍቷል፤ 149 ከሆነ ተዘግቷል። አንድ ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ በ2 ሜትር ግድግዳ ላይ ግን ወደ 3 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ መሳት ነው። አንዳንዱ ሠራተኛ የክፍሉን ሁለት አግድም አቋራጮች ለክቶ እኩል ከመጡ ክፍሉ ልክ ነው ይላል። ይህ አይበቃም። ተቃራኒ ግድግዳዎቹ ርዝመታቸው እኩል መሆኑ አብሮ ካልተረጋገጠ፣ በአንድ በኩል የጠበበ ክፍልም እኩል አቋራጮች ሊኖሩት ይችላል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ ወደ ቁራጩ።

ጠማማ ክፍል ውስጥ ሴራሚክ የሚለጥፍ ሰው ጠማማነቱን ማጥፋት አይችልም። የሚችለው ጠማማነቱ የት እንደሚወድቅ መምረጥ ነው። ሙሉ ሴራሚኮቹ በቱንቢና በውኃ ልክ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ የክፍሉ ጥፋት ሁሉ ተጠራቅሞ ጥጎቹ ጋ ባሉት ቁራጮች ውስጥ ይገባል። እዚያ ሲገባ የሚታየው ወይም የማይታየው በቁራጩ ስፋት ነው።

በቁጥር ልናገረው። ግድግዳው ከላይ ሲለካ 185 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ሴራሚኩ 30 በ60 ሆኖ ቆሞ ይለጠፋል፤ ስለዚህ የአንዱ ስፋት 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ክፍተቱ 2 ሚሊ ሜትር ይሁን። ሠራተኛው የግድግዳውን መሃል ፈልጎ ከመሃሉ መስመር ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ሙሉ ሴራሚክ ቢያቆም 1810 ሚሊ ሜትር ይይዛል። የቀረው 40 ሚሊ ሜትር ለሁለት ሲካፈልና ክፍተቱ ሲቀነስ በየጥጉ የ18 ሚሊ ሜትር ቁራጭ ይቀራል። አሁን በአንዱ በኩል ያለው ግድግዳ ቅድም በቱንቢ እንዳገኘነው እግሩ 12 ሚሊ ሜትር የገባ ነው። የዚያ በኩል ቁራጭ ከላይ 18፣ ከታች 6 ሚሊ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ሁለት ሦስተኛው ስፋቱ ጠፋ! ይህን ለማየት የሠለጠነ ዓይን አያስፈልግም፤ ሕፃን ልጅ ያየዋል። ከዚያም በላይ እንዲህ ያለውን ቀጭን ቁራጭ በእጅ መቁረጫ ያለ ስብራት ማውጣት ከባድ ነው፤ በግራይንደር ቢወጣም ጠርዙ ይሸራረፋል።

እዚያው ግድግዳ ላይ ሠራተኛው አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ። በመሃሉ መስመር ላይ ክፍተት በማሳረፍ ፋንታ የአንድ ሴራሚክ ወገብ ያሳርፍ። አሁን የሚቆሙት ሙሉ ሴራሚኮች አምስት ናቸው፤ ከነክፍተታቸው 1508 ሚሊ ሜትር ይይዛሉ። የቀረው 342 ለሁለት ሲካፈልና ክፍተቱ ሲቀነስ በየጥጉ የ169 ሚሊ ሜትር ቁራጭ ይገባል። የዘመመው ጥግ ጋ ያለው ከላይ 169፣ ከታች 157 ይሆናል። ያው 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አልቀነሰም። ነገር ግን አሁን የጠፋው ከስፋቱ መቶ እጅ ሰባት ብቻ ነው፤ ሜትር ካልተዘረጋ አይታወቅም።

የዚህ ውበቱ ሁልጊዜ መሥራቱ ነው። ከመሃል ክፍተት መጀመርና ከመሃል ሴራሚክ መጀመር፣ ከሁለቱ አንዱ ምንጊዜም ከግማሽ ሴራሚክ የማያንስ ቁራጭ ይሰጣል። የግድግዳው ስፋት፣ የሴራሚኩ መጠን ምንም ይሁን ምን! የሚያስፈልገው ከመጀመሩ በፊት ሁለቱንም አስልቶ የተሻለውን መምረጥ ነው። አንድ ወረቀት፣ አንድ እርሳስ፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ።

ጀሞ አካባቢ ባለ አንድ ኮንዶሚኒየም ይህን ሥራ አንድ ወጣት ሠራተኛ ለቤቱ ባለቤት ሲያስረዳ አይቻለሁ። ሴትየዋ በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። "ልጄ፣ ከመስኮቱ በኩል በሙሉው ጀምርልኝ፤ ፊት ለፊት ቁራጭ ማየት አልወድም" አሉት። ልጁ አልተከራከራቸውም። አምስት ሴራሚክ ከካርቶን አውጥቶ በግድግዳው ሥር ወለሉ ላይ ደረደረ፤ መስቀሎቹንም በመካከላቸው አስገባ። "እትዬ፣ በሙሉው ከዚህ ከጀመርኩ ቁራጩ ሁሉ እዚያ ጥግ ጋ ይወድቃል። ያውም ከላይ ሰፍቶ ከታች የሚጠብ ነው። ይምጡና ክሩን ይዩት" አላቸው። ቱንቢው አሁንም ተንጠልጥሏል። እሳቸው ክሩንና ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አዩ። "ታዲያ በሁለቱም በኩል ቁራጭ ሊሆን ነው?" "አዎ እትዬ፣ ግን ሁለቱም ሰፋፊ ናቸው። ማንም ቁራጭ ነው አይልዎትም።" ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና "በል እንዳወቅክ፤ ሙያው ያንተ ነው" አሉት። ሥራው ሲያልቅ አየሁት፤ እንዳለው ነበር።

ከመሃል መጀመር ሁልጊዜ ሕግ አይደለም። መስኮት ያለበት ግድግዳ ላይ ዓይን የሚያርፈው መስኮቱ ላይ ስለሆነ መሃሉ የመስኮቱ መሃል ነው፤ ግራና ቀኙ ያለው ቁራጭ እኩል መሆን አለበት። አንዱ ጥግ ቱንቢ የጠበቀ፣ ሌላው ደግሞ በር ሲከፈት የሚሸፈን ከሆነ፣ ቱንቢ ከጠበቀው በሙሉ ጀምሮ ቁራጩን ከበሩ ጀርባ መጣል ጥሩ ውሳኔ ነው። መነሻው አንድ ጥያቄ ነው፦ በሩን የከፈተ ሰው መጀመሪያ ምን ያያል? በሩ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ቀድሞ ይታሰብለታል፤ ሌሎቹ ይከተሉታል። የወለሉና የግድግዳው መስመር እንዲገጥም የሚፈልግ ሰውም በጠማማ ክፍል ውስጥ በአራቱም ግድግዳ አያገኘውም። ፊት ለፊት ካለው ጋር ይግጠም፣ የቀረውን ይተው።

ወደ አግድም መስመሩ ስንመጣ፣ የመጀመሪያውን ረድፍ ወለሉ ላይ አቁሞ መጀመር የተለመደ ጥፋት ነው። ወለሉ ወደ ውኃ መውረጃው ስለሚያዘነብል ረድፉም አብሮ ያዘነብላል፤ አራቱ ግድግዳዎች ተዞረው ሲገናኙ የመጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። ትክክለኛው መንገድ በባለ ቱቦ ውኃ ልክ አራቱንም ግድግዳ የሚዞር አንድ መስመር ማውጣት ነው። ሁለቱ የቱቦው ጫፎች ውስጥ ያለው ውኃ ሁልጊዜ እኩል ከፍታ ይይዛል፤ ዋናው ጥንቃቄ ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ እንዳይቀር ነው። ከዚያ መስመር ወደ ወለሉ እየተለካ ወለሉ በጣም ዝቅ ያለበት ቦታ ይፈለጋል። ከዚያ ዝቅተኛ ቦታ ከአንድ ሴራሚክ ቁመትና ከአንድ ክፍተት ባልበለጠ ከፍታ ላይ ቀጥ ያለ ጣውላ በውኃ ልክ ይመታል፤ ሁለተኛው ረድፍ ጣውላው ላይ ቆሞ ወደ ላይ ይወጣል። ጣውላው ሲነሳ የታችኛው ረድፍ እንደየቦታው እየተቆረጠ ይገባል። ከፍታው ከዚያ ከበለጠ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ሙሉ ሴራሚክ አይደርስም፤ ጣት የማይሞላ ክፍተት ለመሙላት ቁራጭ መፈለግ ይመጣል። ከላይም ጣሪያው ጋ የሚቀረው ቀጭን እንዳይሆን ጣውላው ሳይመታ አብሮ መታሰብ አለበት።

ስለ ሌዘር የሚጠይቁኝ አሉ። አረንጓዴ መስመር የሚጥለው መሣሪያ ሥራን በእጅጉ ያፋጥናል፤ ያለው ሰው ይጠቀምበት። ነገር ግን ሌዘር መስመር ያሳያል እንጂ ቁራጩ የት ይውደቅ የሚለውን አይወስንም።

አሁን ደግሞ ወቀሳ። የዘመመውን ጥግ ለመካስ ክፍተቱን ከረድፍ ረድፍ እያሰፉ የሚሄዱ ሠራተኞች አሉ፤ 2 ሚሊ ሜትር የተጀመረው 5 ይደርሳል። ይህ ጥፋቱን ከጥጉ አውጥቶ ግድግዳው መሃል ላይ መዘርጋት ነው። ሆድ ያወጣውን ወይም የጎደጎደውን ግድግዳ በአራት ጠብታ ማጣበቂያ የሚያስተካክሉም አሉ። ከሥሩ ባዶ የሆነ ሴራሚክ በጣት ሲመታ ይጮኻል፤ የፎጣ መስቀያ ለመግጠም የተበሳ ቀን ይሰነጠቃል። ግድግዳ በልስን ይስተካከላል እንጂ በማጣበቂያ አይሞላም። በእኔ እምነት ከ15 ሚሊ ሜትር በላይ የዘመመ ግድግዳ ሴራሚክ ከማየቱ በፊት ለሳኙ ዘንድ መመለስ አለበት፤ ከዚያ በታች ያለውን ጥሩ ልክ አወጣጥ ይደብቀዋል።

ባለቤቶችም አታመልጡም። ካሬው ልክ በልክ ተገዝቶ ጥግ ላይ ሲያልቅ ሌላ ካርቶን ፍለጋ መርካቶ መሮጥ ይመጣል። ካርቶኑ ላይ የተጻፉት የቀለም ቶንና የመጠን (ካሊብሮ) ቁጥሮች ከቀድሞው ካልገጠሙ ስሙና ምስሉ አንድ ቢሆንም ቀለሙ ወይም መጠኑ ይለያል። በመጠን ጥቂት የሚለያዩ ሴራሚኮች ተደባልቀው በገቡበት ግድግዳ ላይ በእርሳስ የወጣ መስመር ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ጠማማ ክፍል ደግሞ ቁራጭ ስለሚያበዛ ቢያንስ መቶ እጅ አሥር ተጨማሪ ይገዛ፤ ሁሉም ከአንድ ቶንና ከአንድ ካሊብሮ። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ወቀሳ ግን ክፍያን ይመለከታል። ሴራሚክ ለጣፊ የሚከፈለው በካሬ ሜትር ነው። ቱንቢ አንጠልጥሎ፣ ጥጎቹን ለክቶ፣ ሴራሚኩን ወለል ላይ ደርድሮ ያሳለፈው ግማሽ ቀን በካሬ ሲቆጠር ዜሮ ነው። ባለቤቱ ከሰዓት መጥቶ ግድግዳው ባዶውን መሆኑን ሲያይ "እስካሁን ምን ስትሠራ ነበር?" ይላል። ሠራተኛውም በሚቀጥለው ቤት ትምህርቱን ይዞ ይሄዳል፤ ጠዋት እንደገባ ከጥጉ በሙሉው ይጀምራል፣ ማታ ብዙ ካሬ ያሳያል። ጥፋቱን ያስተማርነው እኛ ነን።

ስለዚህ ባኞ ቤት ወይም ማድ ቤት የምታሠሩ ሁሉ፣ ውል ስትዋዋሉ ልክ ማውጣቱ ለብቻው የግማሽ ቀን ዋጋ ይኑረው። ማጣበቂያው ሳይቦካም ሠራተኛውን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ የትኛው ግድግዳ ነው የዘመመው፣ በስንት? ወለሉ በጣም ዝቅ ያለው የት ጋ ነው? በየጥጉ የሚገባው ቁራጭ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ሦስቱንም ግድግዳው ላይ ከጻፈው ቁጥር አንብቦ የሚመልስላችሁን ሰው አትልቀቁት፤ በካሬው ዋጋ ላይም አትከራከሩት።